መሐል ሰፋሪው ሳጥን

በደብረ ብርሃን ሳሎን ፊልም ይታያል እንጂ አይሰማም። ቡና ይቆላል፣ ሙቀጫ ይወቀጣል፣ በር ይንኳኳል። ሁሉም «ኖር!» ብሎ ይነሣል፤ እንግዳው «በእግዜር፣ በእግዜር» እያለ ሁሉንም አስቀምጦ እስኪቀመጥ ድረስ ገዳዩ ተናዞ ጨርሷል። ከዚያ «ምን አለ?» ይመጣል። ሪሞት ይነሣል፣ ድምፅ ይጨመራል፤ ጥይቱ የመስኮቱን መስታወት ያርገበግባል፣ ንግግሩ ግን ከተዋናዩ ጉሮሮ አልወጣም።

ጥፋቱ የእንግዳው ብቻ አይደለም። በ5.1፣ ማለትም ድምፁ በስድስት ቻናል ተከፍሎ በተቀናበረ ፊልም፣ ንግግሩ በአብዛኛው የሚመጣው በመሐለኛው ቻናል ነው። ግራና ቀኙ ሙዚቃና ጩኸት፣ የኋለኞቹ ዝናብና ሄሊኮፕተር፣ ነጥብ አንድ የተባለው ደግሞ ፍንዳታ ይሸከማሉ። «መሐል ሰፋሪ» ዛሬ የወላዋይ መስደቢያ ሆነ እንጂ ድሮ ከመሐል የሚሰፍር የቤተ መንግሥት ጦር ስም ነበር። ከቲቪው ሥር የሚቀመጠው ስፒከርም እንዲያው ነው፤ እሱ ከሌለ ወይም ከደከመ ጦርነቱ ይሰማል፣ ምክንያቱ አይሰማም።

የዚህን መሐለኛ ስፒከር ሳጥን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ) ይገዛል። ቺፑድ ይረክሳል፣ ብሎን ሲገባበት ግን እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረፈራል። ላይና ታች 56 በ26 ሴ.ሜ.፣ ሁለቱ ጎኖች 16.4 በ26፣ ፊትና ጀርባ 52.4 በ16.4፤ ሁሉም ሁለት ሁለት። እንጨት ቤቱ በማሽን ይቁረጠው። ሲገጣጠም ውስጡ 19 ሊትር ግድም ይይዛል፤ ለሁለት የ13 ሴ.ሜ. ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው) እና በመካከላቸው ለሚቆም አንድ ቱዊተር (ቀጭኑን የሚያወጣው) ይበቃል። ኤምዲኤፍ በጠርዙ ሲበሳ ይሰነጠቃልና ለ4 ሚሊ ብሎን አስቀድሞ በ3 ሚሊ ድሪል ይበሳል። በዚህ መሐል የሚያልፍ ጎረቤት ሁሉ «የንብ ቀፎ ነው?» ይላል። አዎ ማለት ጊዜ ይቆጥባል።

ኮላው ላይ አገሩ ራሱ ይፈርዳል። ነጩ የእንጨት ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች በቅጡ አይይዝም፤ ሲደርቅ እንደ ኖራ ነጭ ዱቄት ይሆናል፣ መጋጠሚያውም በጥፍር ይላቀቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በረንዳ ላይ ያደረ ሳጥን ጠዋት ሳጥን የሚመስል ስድስት ጣውላ ነው። ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ለሚሠራ ሰው ይህ ጭንቅ የለበትም። ደብረ ብርሃን ላይ ግን በእኩለ ቀን ይለጠፋል፣ ሳሎን ገብቶ ታስሮ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ውስጡ መጋጠሚያው ሁሉ ሲሊኮን ይቀባል። ዉፈሩ ከተገጠመ በኋላ ሸራው (የሚርገበገበው ፊቱ) በሁለት ጣት ቀስ ተብሎ ይገፋል፤ ሲለቀቅ እየተንፏቀቀ ከተመለሰ ሳጥኑ አየር አያስወጣም፣ ዘሎ ከተመለሰ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል።

ለሆዱ መሙያ ሌላው ዓለም ፋይበር ይገዛል። እዚህ የመንዝ በግ አለ። የበግ ፀጉር የሳጥኑን ውስጥ ድምፅ በማርገብ ከጥሩዎቹ አንዱ ነው፤ 200 ግራም ይበቃል። ቅባቱ እስኪለቅ በሞቀ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ፈጽሞ ይደርቃል፣ ይፈለቀቃል። እርጥቡ ይሸታል፣ ያልታጠበው ብል ይጠራል። ዉፈሩ ጀርባ ላይ ሻሽ ጣል ካልተደረገበት ደግሞ ፀጉሩ ገብቶ ስፒከሩን ያስለዋል። እናት ግን ከዚያ ሁሉ ፀጉር ባና ይወጣው ነበር ማለታቸውን አይተዉም።

ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው የመኪና ዉፈር ነው፣ እሱም 4 ኦም። ሁለቱ በተከታታይ ሲያያዙ 8 ይሆናሉ፦ የአንዱ ፕላስ ከሌላው ማይነስ። ማይነስ ከማይነስ የተያያዘ ቀን አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፣ ተዋናዩ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ማረጋገጫው የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ነው፤ ፕላሱ ነጻ የቀረውን ፕላስ፣ ማይነሱ ነጻ የቀረውን ማይነስ ሲነካ ሁለቱም ሸራዎች አብረው ወደ ውጭ ይወጣሉ። ቱዊተሩም 8 ኦም ከሆነ ወፍራሙን ድምፅ ለዉፈሮቹ፣ ቀጭኑን ለቱዊተሩ በ3000 ኸርዝ ለመክፈል ለዉፈሮቹ 0.85 ሚሊ ሄንሪ ኮይል በተከታታይ፣ 3.3 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በትይዩ፤ ለቱዊተሩ ያው ዕቃ ተገላብጦ፣ ካፓሲተሩ በተከታታይ፣ ኮይሉ በትይዩ። ካፓሲተሩ ፕላስና ማይነስ የሌለው ይሁን። በዚህ አሠራር የቱዊተሩ ሽቦ ሆን ተብሎ ተገልብጦ ይገጠማል። «ተሳስተሃል» ብሎ የሚያስተካክል ወዳጅ አይጠፋምና ክዳኑ ቶሎ ቢታሸግ ይሻላል።

ትልቁ ጣጣ ግን ሽቦው ላይ ሳይሆን ሶፋው ላይ ነው። የሁለቱ ዉፈሮች መካከል ለመካከል ርቀት 24 ሴ.ሜ. ነው። የ2000 ኸርዝ ድምፅ ሞገዱ 17 ሴ.ሜ. ግድም ነው። ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ከሁለቱም እኩል ይደርሰዋል፣ ይደመርለታል። 21 ዲግሪ ወደ ጎን ፈቀቅ ላለ ሰው ግን አንዱ ዉፈር ከሌላው በግማሽ ሞገድ ይርቃል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ይጠፋፋሉ። ከ3 ሜትር ላይ ይህ ከመሐል 1 ሜትር ከ15 ነው፤ የሶፋው ጠርዝ ማለት ነው።

እና ጠርዝ ላይ የሚቀመጠው ማነው? «ጋሼ፣ መሐል ይሁኑ እንጂ!» «ኧረ እኔ እዚህ ይበቃኛል።» «በሞቴ!» «አይገባም፣ ተይኝ።» ሳሎኑ ሶፋውን ግድግዳ ግድግዳውን ደርድሮታል፤ ትሕትና ያለው ሁሉ ጥጉን ይዟል፣ ትሕትናውም የንግግሩን ጥራት ይበላበታል። መሐሉን የያዘው ማንም ያልጋበዘው የቤቱ ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያየው ስልክ ነው።

እንግዳ የማይለየው ቤት አንድ ዉፈር ብቻ ይግጠም፣ ቱዊተሩ ልክ ከአናቱ ይሁን፣ ሳጥኑ ወደ 10 ሊትር ይውረድ። ድምፁ መጠፋፋቱ አይቀርም፣ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ይዞራል፤ ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ እንግዳ ደግሞ እስካሁን አልመጣም። ዉፈሩ ብቻውን 4 ኦም ስለሚሆን በእሱ በኩል ያለው ኮይል በግማሽ ይቀንሳል፣ ካፓሲተሩ በእጥፍ ያድጋል፤ አምፕሊፋየሩም ጀርባው ላይ 4 ኦም ይችላል ተብሎ የተጻፈበት ይሁን። (የፊልሙን ቻናሎች የሚነዳው አምፕሊፋየር ሪሲቨርም ይባላል፤ «ሪሲቨር አለን» ብሎ የዲሹን የሚያቀርብ አለ።) ሴቲንጉ ላይ መሐለኛው ስሞል (ትንሽ) ይባላል፣ ወፍራሙን ድምፅ ወደ ነጥብ አንዱ የሚመራው መክፈያ 80 ኸርዝ ይደረጋል። ስቴሪዮ (ግራና ቀኝ ብቻ) ላይ ከተተወ ሳጥኑ ድምፅ አይሰጥም፣ ባለሙያውም ሳያጠፋ ይሰደባል።

ቦታው ከቲቪው ሥር ቡፌው ላይ ነው፤ ፊቱ ከቡፌው ጠርዝ እኩል ወጥቶ፣ ከፊት በኩል ጎማ ገብቶበት ወደ ተቀማጩ ጆሮ ቀና ብሎ። ከብርጭቆዎቹ ኋላ ከተወሸቀ ንግግሩ ከጉድጓድ ይመጣል።

በሦስተኛው ቀን ዳንቴል ይለብሳል። እዚህ ላይ መጣላት አያስፈልግም፤ ትንፋሽ እፍ ተብሎበት የሚያሳልፍ ጨርቅ ድምፅም ያሳልፋል፣ ዳንቴል ደግሞ ከክሩ ቀዳዳው ይበዛል። ከዳንቴሉ በላይ የሚቆመው የአበባ ማስቀመጫ ግን ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ካልተደረገለት ወንድ በተናገረ ቁጥር ይንጣጣል። ጨርቁ ከተደረገለት በኋላ አይንጣጣም። የፊልሙ ሽማግሌ በጎርናና ድምፁ በመከረ ቁጥር የፕላስቲክ አበባው ብቻ ከላይ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል።