ትንሽ ጠመንጃ ፈልጌ ነበር

ባቲ፣ ሰኞ ገበያ። አንድ የግመል ደላላ ጆሮ ሥር ጠጋ ብዬ «ትንሽ ጠመንጃ ፈልጌ ነበር» አልኩት። ግራ ቀኙን ገላመጠ። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ግመልም የሚያየው እንደዚያው ነው። አፌን ከፍቶ ጥርሴን አለመቁጠሩ ደግ ነው።

«ሽጉጥ ነው?»

«ኧረ አይደለም። ረጅም ነው፤ ግን ትንሽ ነው። በባልጩት የሚተኮስ።»

«በምን?»

አያቶቻችን ራስ ይላጩበት የነበረው ባልጩት ነው። ነገሩን ያየሁት አንድ ማታ ስልኬ ላይ ነው። አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ በቀጭን ረጅም ጠመንጃ ሽኮኮ ያድናል። በ1700ዎቹ ፔንሲልቫኒያ የሰፈሩ ጀርመን አንጥረኞች ይሠሩት የነበረ ዓይነት ነው። ቀለህ የሚባል ነገር አያውቅም። ሰውየው ባሩዱን በአፈሙዙ አንቆረቆረ። አተር የምታህል የእርሳስ ድቡልቡል በጨርቅ ጠቅልሎ በዘንግ ጠቀጠቀ። ከጎን ያለችው ማንኪያ መሳይ ጎድጓዳ ላይ ደግሞ ቁንጥር ባሩድ ጨመረ። ቃታው ሲሳብ ባልጩት የነከሰው መዶሻ ብረቱን ይፍቀዋል፤ ፍንጣሪው ማንኪያው ላይ ይወድቃል፤ እሳቱ በቀዳዳ ሾልኮ ዋናውን ባሩድ ያገኘዋል። ካገኘው ነው እንግዲህ። ለሰውየው ሁለት ጊዜ ማንኪያው ላይ ቡፍ ብሎ ቀረ። ሽኮኮው ቆሞ ይጠብቀዋል። የወደድኩት ለዚህ ነው። ሳሎን ልሰቅለው አሰብኩና ያን ዕለቱኑ ግድግዳው ላይ ሚስማር መታሁ።

ደላላው በትዕግሥት ሰማኝ። «የጥይቱ ልክ ስንት ነው?» አለ።

«8 ሚሊ ሜትር» አልኩ በኩራት።

«ክላሽ 7.62 ነው። ታዲያ ትንሹ የቱ ነው?»

መልስ አጣሁ። ለካ የሽማግሌው ጠመንጃ ትንሽ የተባለው በዘመኑ ከነበሩት ጎን ሲቆም ነው። ይኸን ለግመል ደላላ እንዴት አድርጌ ላስረዳ? «አሮጌ ካማረህ መቅደላ ውጣ» አለኝ። «ሴባስቶፖል እዚያው አለልህ። 7 ቶን ነው አሉ። ለሳሎን ይሆናል።»

መቅደላ ያለው ለቀልድ ነው፤ እኔ ግን ነገሩን አውጠነጠንኩት። በ1860 እንግሊዞች መቅደላ ሲመጡ ወታደሩ የያዘው ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ነበር። ባልጩት የሚነክሰው ያን ጊዜም ጡረታ ወጥቷል። ወሎ ውስጥ ቢገኝ እንግዲህ ከአንድ ሽማግሌ ቤት ጣራ ሥር ነው።

ሽማግሌው ሐይቅ አካባቢ ተገኙ። አቦል እስኪወርድ ስለ ጠመንጃ ማንሳት ነውር ነው። አቦል ተጠጣ። «አብሽር፣ አለኝ» አሉ። «አባቴ አድዋ ላይ ጣሊያን ገድሎ የማረከው ነው።» (አንድም ሰው የገዛው ጠመንጃ አጋጥሞኝ አያውቅም። ሁሉም የተማረከ ነው።) በነጠላ ተጠቅልሎ መጣ። ባልጩት የለውም። ብረቱ ላይ 1936 የሚል ተቀርጾበታል።

«አባቴ፣ አድዋ እኮ በ1888 ነው» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አንተ ልጅ፣ ይኸ የፈረንጅ ቁጥር ነው። ከእኛ ጋር 7 ዓመት እንደሚለያይ አልተማርክም?»

ተምሬያለሁ። 7 ብቀንስለት 1929 ሆነ፤ ከአድዋ 41 ዓመት ዘግይቷል። ዝም አልኩ። ቡናው ገና ቶና ነበር፤ በረካ ሳይጠጡ ተጣልቶ መውጣት አይቻልም።

በስተመጨረሻ ሕጋዊ ሰው ልሁን ብዬ አንድ ቢሮ ገባሁ። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 እንዳለ አውቃለሁ፤ ፈቃድ ሳይዙ ዕቃ መፈለግ ደግሞ አያዋጣም። ልጅቷ ቅጽ አወጣች።

«ካዝናው ስንት ይይዛል?»

«ካዝና የለውም።»

«አንዴ ሲጎርስ ስንት ይተኩሳል?»

«አንድ። ከተኮሰ።»

«ካልተኮሰስ?»

«እንደገና ባሩድ ጨምሮ መሞከር ነው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ዝናብ ላይስ?»

«ባሩዱ ከረጠበ አይሠራም።»

መስኮቱን አየች። ሐምሌ ነው፤ የደሴ ጉም ጦሳን ውጦታል፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። «ወንድሜ» አለችኝ፣ «ይኸ ዕቃ እዚህ አገር በዓመት ስንት ቀን ሊሠራልህ ነው?» ቅጹን መልሳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በስብሼ ቤት ገባሁ። ሚስማሬ ላይ ሚስቴ ጃንጥላ ሰቅላለች። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ እጀታው እንጨት ነው። ዝናብ ላይም ይሠራል።