21 ቀን ታቅፌ

«እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» ያለው ሰው እንቁላል አስፈልፍሎ አያውቅም። ካስፈለፈለም፣ እግር እስኪያበቅል ድረስ ማን እሹሩሩ ሲለው እንደከረመ ለመናገር አፍሮ ይሆናል። እኔ አላፍርም።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ካርቶን ነው። ካርቶኗ ላይ ፈገግ ያሉ ጫጩቶች ተስለዋል፤ ከሥራቸው «ሙሉ በሙሉ አውቶማቲክ» ይላል። የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽኑን ላየው የምሳ ዕቃና የጠፈር መንኮራኩር ተጋብተው የወለዱት ይመስላል። ውስጡን የሚያሳይ ክዳን፣ ትንሽ ማራገቢያ፣ ቁጥር የሚያበራ መስኮትና 24 እንቁላል የሚይዝ ወለል አለው። ባለቤቴ ዞር ዞር ብላ አየችውና «ዶሮ ብትገዛ አይቀልህም ነበር?» አለች።

«ዶሮ ስታቅፍ ትቆጣለች፣ ትነጫነጫለች፣ ሰው አታስጠጋም። ይሄ ግን ሰክቶ መተኛት ነው» አልኳት።

ይቺን አባባሌን እስከ ዛሬ አልረሳችልኝም።

እንቁላሎቹ ሲመጡ አንዳንዶቹ ቆሽሸው ነበር። በሞቀ ውሃና በሳሙና ላጥባቸው ስሰናዳ አማቴ ደረሱብኝ። «አንተ ልጅ፣ እንቁላል ነው ወይስ ሰሃን?» ብለው ከእጄ ነጠቁኝ። ኋላ ሳነብ እውነታቸውን ነው። ቅርፊቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ፅንሱ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። ዶሮዋ ደግሞ ተህዋስያን እንዳይገቡ በስስ ልባስ ሸፍና ነው የምትጥለው። ልባሱን ማጠብ በር ከፍቶ ሌባ መጥራት ነው። አማቴ ግን ይህን ሁሉ አላብራሩም። ያሉት «ዶሮ አጥባ ታውቃለች?» ብቻ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የምነካው ነገር ሁሉ «ዶሮ እንዲህ ታደርጋለች?» በሚል ጥያቄ ይመረመር ጀመር።

በዚህ መሃል «ላም አለኝ በሰማይ» የሚባለው በሽታ ያዘኝ። ለጎረቤት ሁለት፣ ለወንድሜ አራት፣ ለሥራ ባልደረባዬ ሦስት፣ ደረጃ ላይ ላገኘሁት ሰው እንኳ አንድ ቃል ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ ስደምረው ከ24 እንቁላል 31 ጫጩት አድያለሁ። የሁሉም ማሳሰቢያ ደግሞ አንድ ነው፦ «አደራህን፣ ሴት ሴቷን!» ከእንቁላል የሚወጣው ጫጩት ግማሽ በግማሽ ገደማ ወንድ መሆኑን ባስረዳም ሁሉም ወንዱ ለሌላው ሰው የሚደርስ መስሎታል።

ማራገቢያ ላለው ማሽን የሚፈለገው ሙቀት 37.5 ዲግሪ ነው። ከፍ ብሎ ከሰነበተ ፅንሱን ይገድላል፤ ዝቅ ካለ ፍልፈላውን ያዘገያል። የማሽኑ መስኮት 37.5 ይላል። አላመንኩትም። ቴርሞሜትር ገዝቼ ውስጡ ባስቀምጥ 38.6 አለኝ። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሦስተኛ ሽማግሌ አስገባሁ፤ እሱም 36.9 ብሎ ቁጭ አለና ጠቡን አሰፋው።

ግብፆች ከ2000 ዓመት በላይ በምድጃ ሙቀት እንቁላል ሲያስፈለፍሉ ኖረዋል፤ ያውም ያለ ቴርሞሜትር። የምድጃው ጠባቂ እንቁላሉን የዓይኑ ቆብ ላይ አስጠግቶ ነው ሙቀቱን የሚያውቀው። ፈረንሳዊው ሬኦሚር ይህን ጥበብ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1749 መጽሐፍ ጽፎበታል። ሬኦሚር እንግዲህ በስሙ የሚጠራ የቴርሞሜትር መለኪያ ያለው ሰው ነው። እሱ ያከበረውን ዘዴ እኔ ማን ነኝና እንቃለሁ? እኩለ ሌሊት ላይ አንድ እንቁላል አውጥቼ ዓይኔ ላይ እንደያዝኩ መብራት በራ። ባለቤቴ ናት።

«ዓይንህን አመመህ?»

«የለም፣ ሙቀት እየለካሁ ነው።»

ትንሽ አየችኝና መብራቱን አጥፍታ ተመለሰች። ምንም አለማለቷ ነው የከበደኝ።

በመጨረሻ የልጃችንን የትኩሳት መለኪያ ከሁለቱ ቴርሞሜትሮች ጋር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ አወዳደርኩ። ማሽኑ ከመጀመሪያውም እውነቱን ነበር፤ የዋሹት እኔ የገዛኋቸው ሁለቱ ናቸው። በሳምንቱ ልጁ አተኮሰው። ቤቱ ሁሉ ታምሶ መለኪያው የተገኘው ከእንቁላሎቹ መሃል ነው። በዚህ ጉዳይ የተባልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

«አውቶማቲክ» የተባለው ለካ ማሞቂያው ነው። ማገላበጫው ለብቻው እንደሚሸጥ መመሪያው በመጨረሻው ገጽ፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል ጽፎታል። እንቁላል ደግሞ ካልተገላበጠ ፅንሱ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ይጣበቃል። እናት ዶሮ ይህን በመንቁሯ ቀኑንም ሌሊቱንም ትሠራዋለች። እኔ በእርሳስ በአንድ ጎናቸው ክብ፣ በሌላው ጎናቸው መስቀል አድርጌ በቀን አምስት ጊዜ ተራ ገባሁ። ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን ይባላል፤ እንቁላሉ ረጅሙን ሌሊት ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ እንዳያድር። የመጨረሻዋ ተራ ሌሊት 9 ሰዓት ነች። የስልኬ ደወል ሲጮህ ባለቤቴ ዓይኗን ሳትገልጥ በክርኗ ጎሸም ታደርገኝና «አገላብጥ» ትላለች። እነሳለሁ።

ቀን ቀን ከሥራ ቦታ እደውላለሁ። «አገላበጣችሁ?»

«እኔን ግን እንዲህ ደውለህ ምሳ በላሽ ወይ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

አንድ ቀን ስብሰባ መሃል ተነስቼ አለቃዬን ለግማሽ ሰዓት ፈቃድ ጠየቅሁ። ደንግጦ «ምነው፣ ማን ታመመ?» አለኝ። «የለም፣ ተራዬ ደርሶ ነው» አልኩት። ፈቀደልኝ፤ የምን ተራ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም።

በ7ኛው ቀን ማታ መብራት አጥፍቼ እያንዳንዱን እንቁላል በስልክ ባትሪ አየሁት። አርስቶትል ከ2300 ዓመት ገደማ በፊት ይህን ለማየት እንቁላል ይሰብር ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ልቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ሲመታ አይቶ ጽፏል። እኔ ባልሰብርም እንደሱ ትንፋሼን ዋጥኩ። ብርሃኑን በወፍራሙ ጫፍ ስታስጠጋ ቅርፊቱ እንደ ፋኖስ ይቀላል። ከአንዲት ጥቁር ነጥብ ዙሪያ ክር የመሰሉ ደም ሥሮች እንደ ሸረሪት እግር ተዘርግተዋል፤ ዝም ብለህ ካየህ ነጥቧ ራሷ ትወዛወዛለች። በማግስቱ ወሬው ተሰማና ጨለማው ክፍል በጎብኚ ሞላ። ሁሉም ሐኪም ነው። «ይቺ ጤነኛ ናት»፣ «ይሄ ቀጭን ነው»፣ «ወንድ ነው እንዴ?» አምስቱ ባዶ ሆኑ፤ አልጸነሱም። ሁለቱ ፅንሱ መሞቱን የሚናገረውን የደም ቀለበት አሳዩ። 17 ቀሩ። 31 ጫጩት ቃል ለገባሁላቸው ሰዎች ግን ገና ምንም አልተነፈስኩም።

በ11ኛው ቀን መብራት ጠፋ። የማሽኑ ቁጥር ጠፋ፣ ማራገቢያው ዝም አለ። እናት ዶሮም ለመብላትና ለመጠጣት ከጎጆዋ ትነሳለችና አጭር ቅዝቃዜ እንደማይገድላቸው አውቃለሁ፤ ግን ማወቅ ሌላ፣ ሆድ ሌላ። ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጬ፣ እጆቼን ዙሪያውን ጠምጥሜ ያዝኩት። አማቴ ሻማ ይዘው ሲገቡ በዚያ ሁኔታ አገኙኝ። ብዙ ካዩኝ በኋላ «በል አሁን ገና ታቀፍክ» አሉ። ልጄ ሊጠጋኝ ሲል ለካ «ወዲያ በል!» ብዬ ጮኼበታለሁ። ባለቤቴ ከጨለማው ውስጥ «ትቆጣለች፣ ትነጫነጫለች፣ ሰው አታስጠጋም» አለች።

ከ18ኛው ቀን በኋላ ማገላበጥ የለም፤ እርጥበቱን ከ65 እስከ 70 በመቶ ከፍ አድርጎ ክዳኑን መዝጋት ነው። በመሃል ከተከፈተ እርጥበቱ ያመልጥና የውስጡ ሽፋን ደርቆ ጫጩቱ ላይ ይጣበቃል። ይህን ለቤተሰቡ ሁሉ አስረድቼ፣ ክዳኑ ላይ «አትክፈቱ» ብዬ ጻፍኩ። ያቺን ጽሑፍ አንብቦ «ምን ቢኖር ነው?» ብሎ የማይከፍት እንግዳ ካላችሁ አስተዋውቁኝ። ወንበር አምጥቼ አጠገቡ ዘብ ቆምኩ።

በ20ኛው ቀን ማታ አንዱ እንቁላል ተናገረ። «ጭው» አለ፣ በጣም በቀጭኑ፣ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚጣራ ሰው። እናት ዶሮ ለዚህ ድምፅ እንደምትመልስ አንብቤያለሁ። ግራና ቀኝ አየሁና ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብዬ «ቅ፣ ቅ፣ ቅ» አልኩት። እንደገና «ጭው» አለ። እያወራን አመሸን።

ጠዋት ቅርፊቱ ላይ ኮከብ የመሰለ ስንጥቅ ታየ። ከዚያ ምንም የለም። አራት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት፣ አሥር ሰዓት ሙሉ ምንም! ቤቱ የምጥ ቤት ሆነ። እጄ ወደ ክዳኑ ሲሄድ አማቴ በመቋሚያቸው ጫፍ መታ አደረጉኝ። «ዶሮን ፈጣሪ እጅ የነሳት እንዳትነካካ ብሎ ነው!» ሐቅ ነው። በዚያ ሰዓት ጫጩቱ ደም ሥሮቹን እያደረቀ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እየሳበ ነው፤ በጊዜው ያልወጣን ጎትቶ ማውጣት ማድማት ነው። በ14ኛው ሰዓት መንቁሩ ጫፍ ላይ ባለችው ነጭ ጥርስ መሳይ ነገር ወፍራሙን ጫፍ ዙሪያውን ይቀድ ጀመር። ይገፋል፣ ያርፋል፣ ይገፋል። ድንገት የቅርፊቱ ቆብ ተነሳና አንድ እርጥብ ቡትቶ ተዘረገፈ። ተነስቶ ሁለት እርምጃ ሄደ፤ ወድቆ የወንድሞቹን እንቁላል እንደ ኳስ እየለጋ እላያቸው ላይ ተኛ። ሁላችንም አጨበጨብን። አማቴ ብቻ አላጨበጨቡም፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው «ከሳ» አሉ።

13 ወጡ። ጎብኚው ሁሉ «ተራቡ፣ አብላቸው» ይላል፤ በሆዳቸው የያዙት አስኳል ሁለት ሦስት ቀን እንደሚያኖራቸው የሚሰማኝ ጠፋ። የመጀመሪያውን ሳምንት 35 ዲግሪ ግድም በሆነ መብራት ሥር አኖርኳቸው፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ዲግሪ እየቀነስኩ ላባ አበቀሉ። ቃል የገባሁላቸው ሁሉ መጡ። 13 ጫጩት ለ31 ተስፋ አከፋፍዬ ከግማሹ ሰው ተኮራረፍኩ። ያልደረሰው ተቀየመ፤ የደረሰው ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ተቀየመ፤ ኩክኔው እየቀላ ሲመጣ 8ቱ ወንድ ሆነው ተገኙ። አንድ በአንድ በካርቶን እየተያዙ ተመለሱልኝ። «ሴት ነበር ያልኩህ» ይላሉ፣ ማሽኑ ላይ የምመርጥበት ቁልፍ የነበረ ይመስል።

አሁን ማሽኑ ቁም ሳጥን ላይ ነው። የስልኬን ደወል ካጠፋሁ ቆይቷል። ዛሬ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስምንቱ አውራ ዶሮዎች በአንድ አፍ ጮኹ። ባለቤቴ ዓይኗን ሳትገልጥ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «አገላብጥ» አለች።

ተገላበጥኩ።