ባቡሩ አዘዞ ሳይደርስ ሕጉ ይጻፍ

ጎንደር ባቡር የላትም። «ታዲያ የሌለ ባቡር መንገድ ይዘጋል ብሎ ምን ያስጨንቃል?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን ባቡር አውራ መንገድ ላይ ቆሞ እንዳይዘጋ የሚከለክል ሕግ ለማውጣት ትክክለኛው ጊዜ አሁን ነው ባይ ነኝ።

በአገር አቀፉ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ከወልዲያ ወደ ወረታ የሚመጣ፣ ከወረታም በአዘዞ አልፎ መተማ የሚወርድ መስመር አለ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አቅራቢያ እስካለችው ሐራ ገበያ የሚደርሰው 392 ኪሎ ሜትር ግንባታም ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ገንዘቡም ሰላሙም የተገኘ ቀን ተራው የኛ ነው። እንዲመጣም አጥብቄ እፈልጋለሁ። የመተማና የሑመራ ሰሊጥ ዘላለም በከባድ መኪና ተጭኖ መሄድ የለበትም።

አሁን አዘዞን አስቡት። ከባሕር ዳር የሚመጣ መኪና ጎንደር የሚገባው በአዘዞ ነው። የመተማው መንገድ የሚገነጠለውም እዚያው ነው። ከጭልጋ ምጥ የጠናባትን እናት ይዞ የሚበር አምቡላንስ ሆስፒታል ለመድረስ በአዘዞ ማለፍ ግድ ይለዋል። ሐዲዱ ይህን መንገድ ያለ ድልድይ፣ መሬት ለመሬት ካቋረጠው፣ ያ አምቡላንስ ስንት ደቂቃ ይቆማል?

እናስላው። 850 ሜትር የሚረዝም የጭነት ባቡር እንውሰድ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከሄደ ማቋረጫውን በ77 ሰከንድ ገደማ አልፎ ይጨርሳል። ይህን ማንም ይታገሣል። ጣቢያ ሊገባ ፍጥነቱን ወደ 10 ኪሎ ሜትር ካወረደ ግን ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ከቆመ ደግሞ ሂሳብ የለውም። ባቡር የሚቆምበት ምክንያት ብዙ ነው። ሐዲዱ ነጠላ ከሆነ ከፊት የሚመጣው ባቡር እስኪያልፍ ይጠብቃል። ጣቢያው ከሞላ ውጭ ይቆማል። «ፉርጎዎቹን ለያይተው መኪናውን ያሳልፉ» ማለትም ቀላል አይደለም። የባቡር ፍሬን የሚሠራው በአየር ግፊት ነው። ፉርጎ ከተፈታ በኋላ መልሶ ማያያዝ፣ አየሩም እስከ መጨረሻው ፉርጎ መድረሱን መፈተሽ ያስፈልጋል። ስለዚህ ነገሩ በአንድ ሹፌር ጠባይ አይፈታም። ጣቢያው የት ይሠራል፣ ባቡሩ ምን ያህል ይርዘም፣ የሚሉት ጥያቄዎች ይወስኑታል።

አሜሪካኖች ይህን ዘግይተው ነው የተረዱት። የኦሃዮ ግዛት ባቡር ማቋረጫ ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ ቆሞ መንገድ እንዳይዘጋ የሚከለክል ሕግ ነበራት። ሲኤስኤክስ የተባለው የባቡር ኩባንያ በ2018 እ.ኤ.አ. በዚሁ ሕግ ተከሰሰ። ክርክሩ እስከ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ በ2022 ባቡር የፌዴራል ጉዳይ ስለሆነ የግዛቲቱ ሕግ አይሠራም አለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2024 መጀመሪያ ጉዳዩን አላይም ብሎ ተወው። የሚገርመው፣ ባቡር ስንት ደቂቃ መንገድ ዘግቶ መቆም እንደሚችል የሚወስን የፌዴራል ሕግም የለም። ግዛቱ አይችልም፣ ፌዴራሉ አላወጣም። መሃል ላይ የቀረው ነዋሪው ነው። ሃመንድ በምትባል የኢንዲያና ከተማ ልጆች ትምህርት ቤት ለመድረስ በቆመ ባቡር ፉርጎዎች መሃል እየተሹለከለኩ ሲያልፉ በፎቶ ታይተዋል። ባቡሩ ድንገት ቢንቀሳቀስስ? የልጅ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያን ፎቶ አይቶ ዝም ማለት አይችልም። አሁን ማቋረጫዎችን በድልድይ ለመተካት በ2021 በወጣ ሕግ 3 ቢሊዮን ዶላር መድበዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? በጣም ያገባናል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 9 የባቡር አገልግሎትን የማስፋፋትና የመቆጣጠር ሥልጣን የሰጠው ለፌዴራል መንግሥት ነው። ክልሎችን የሚያገናኙ አውራ መንገዶችም እንደዚያው። እንግዲህ ነገ አዘዞ ላይ ባቡር ግማሽ ሰዓት ቢቆም የጎንደር ከተማ ምክር ቤት ደንብ አውጥቶ ልቅጣ ቢል የኦሃዮ ዕጣ ይደርሰዋል። ሕጉ ከላይ፣ ከተወካዮች ምክር ቤት ካልወጣ የኛ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ ከመንፋት ሌላ የሚያደርገው የለም።

ምን መምሰል እንዳለበት ደግሞ ከካናዳ ማየት ይቻላል። በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጡት ደንብ ተሽከርካሪ ወይም እግረኛ እየጠበቀ ባቡር ማቋረጫ ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ እንዳይቆም ይከለክላል። የአደጋ ጊዜ መኪና ከመጣ ደግሞ ኩባንያው መንገዱን ወዲያው ለመክፈት የሚችለውን ሁሉ ማድረግ አለበት። እኔን የሳበኝ ይህ ሁለተኛው ነው። አምቡላንስ 5 ደቂቃም መጠበቅ የለበትም። የኛም ሕግ ይህን ይጨምር። ቅጣቱም ኩባንያውን የሚያመው ይሁን፤ ሃምሳ ሺህ ብር ለባቡር ድርጅት የሻይ ገንዘብ ነው።

ከሕጉ ጎን ለጎን ዲዛይኑ አለ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ብዙዎቻችን ተደስተናል። ግን አጥሩ ሰፈርን ከሰፈር ለየ። ፊት ለፊት ያለ ሱቅ ለመድረስ ማቋረጫ ፍለጋ ረጅም መንገድ የሚዞሩ አዛውንት በዓይኔ አይቻለሁ። ሐዲዱ አንዴ ከተነጠፈ በኋላ ድልድይ ልጨምር ማለት ቤት ማፍረስ፣ ካሳ መክፈል፣ መንገድ መዝጋት ነው። አዘዞ ደግሞ በየጊዜው እየሰፋች ነው። ዛሬ ባዶ የሆነው ቦታ ባቡሩ እስኪመጣ ቤት ይሠራበታል።

ስለዚህ የጎንደር ተወካዮች ምክር ቤት ገብተው የሚጠይቁት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ባቡር መንገድ ዘግቶ የሚቆምበትን ጊዜ የሚወስን፣ አምቡላንስን የሚያስቀድም የፌዴራል ሕግ ነው። ሁለተኛው፣ ሐዲዱ የአዘዞን አውራ መንገዶች በሚያቋርጥበት ሁሉ ድልድይ በመጀመሪያው ውል ውስጥ እንዲገባ፣ ጣቢያውም ተራውን የሚጠብቅ ባቡር ጅራቱ አስፋልት ላይ እንዳይቀር ከመንገዱ ርቆ እንዲቀመጥ ነው። የምድር ባቡር ኮርፖሬሽንና የመንገዶች አስተዳደር በዚህ ላይ ከአሁኑ አንድ ጠረጴዛ ከበው መነጋገር አለባቸው፣ ከተማ አስተዳደሩም የድልድዮቹን ቦታ በማስተር ፕላኑ ላይ ይከልል። ጨረታው ከወጣ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ «በጀት የለም» የሚል መልስ ነው የሚያገኘው።