“ስንት ነው?”

ስልኬን ጠረጴዛ ላይ ፊቱን ደፍቼ ማስቀመጥ የጀመርኩት ያበደሩኝ ሰዎች መደወል ሲያበዙ ነው። መጀመሪያ ድምፁን አጠፋሁ። ቀጥሎ ንዝረቱንም አጠፋሁ። ባለቤቴ “ስልክህ ምን ሆኖ ነው የማይጠራው?” ስትለኝ “ስብሰባ ስለሚበዛብኝ ነው” አልኳት። ምንም ስብሰባ አልነበረብኝም።

ነገሩ የጀመረው ነሐሴ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ የሚያስተምር ሰው ነሐሴን ያውቀዋል። ምዝገባ አለ። የመጀመሪያው ተርም ክፍያ አለ። ደብተርና ዩኒፎርም አለ። ይህ ሁሉ ሳያልቅ ዓመት በዓል ከች ይላል። ደመወዜ አልበቃ ሲል ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ 15,000 ብር ተበደርኩ። እሱን እመልሳለሁ ብዬ ከአጎቴ ልጅ 20,000 ወሰድኩ። ከዚያ በስልክ የሚገኘውን የአጭር ጊዜ ብድር ለመድኩት። የአንዱን ቀዳዳ በሌላው ስደፍን ጥር ገባ። ያኔ በጠቅላላ ስንት ዕዳ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ደምሬው አላውቅም። መደመሩ ራሱ ያስፈራኝ ነበር።

ሰውነቴ ግን ያውቅ ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ቁልጭ ይላል። ጨጓራዬን ያቃጥለኛል። ልጄ የቤት ሥራውን ይዞ ሲመጣ “ቆይ” እለዋለሁ፤ ሁለተኛ ሲመጣ እጮህበታለሁ። ሐኪም ጋ ሄድኩ። የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ታዘዘልኝ፤ ምንም አልተገኘም። ሐኪሟ ወረቀቱን አስቀምጣ “ሐሳብ ይበዛብዎታል?” ብላ ጠየቀችኝ። “አይ፣ ደህና ነኝ” አልኳት። የታዘዘልኝን መድኃኒት ይዤ ወጣሁ።

አደጋ ሲመጣ ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ እንቅልፍ ይሸሻል። ጅብ ቢመጣብን ሮጠን እንድናመልጥ ይረዳናል። ዕዳ ግን እንደ ጅብ መጥቶ አይሄድም። ወር ሙሉ በር ላይ ቆሞ ይከርማል። ሰውነትም አብሮት ተገትሮ ይከርማል።

የእኔ ታሪክ ከብዙ ሰው ታሪክ አይለይም። ለዚህም ነው የማወራው። በእኛ አገር ችግሩን ለራሱ የያዘ ሰው ይከበራል። “ሆድ ይፍጀው” እንላለን። ገመናን መሸፈን ጨዋነት ነው እንላለን። “እንዴት ነህ?” ሲሉን “እግዚአብሔር ይመስገን” ብለን እናልፋለን። ምስጋናው ጥሩ ነው፤ እኔም የማምንበት ነው። ግን ከምስጋናው ቀጥሎ የሚወራ ነገር መኖር ነበረበት። በትምህርት፣ በሥራና በገንዘብ የሚመጣ ጭንቀት ሰውን የሚያደቀው በችግሩ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ተደብቆ መያዙም የዚያኑ ያህል ያደቀዋል። ስለዚህ ችግራችንን ቢያንስ ለአንድ ሰው መናገር አለብን እላለሁ፤ ያውም ከነቁጥሩ። ከነቁጥሩ ስል ምክንያት አለኝ።

የካቲት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ማታ ቡና ተፈልቶ ነበር። ቶናው እየተቀዳ ስልኬ በራ። ያን ቀን መድፋቱን ረስቼዋለሁ። ባለቤቴ የደወለውን ሰው ስም አየች። ቀጥላ እኔን አየች። “ምንድን ነው?” አለችኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ ውሸት ነበር። ግን ደከመኝ። “ዕዳ አለብኝ” አልኳት።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

“ስንት ነው?” አለች።

“ብዙ ነው።”

“ብዙ ማለት ስንት? ለማን ለማን?”

ተነስታ የልጃችንን አሮጌ ደብተር አመጣች። በጀርባው በኩል ገልጣ፣ እስክሪብቶ ይዛ ቁጭ አለች። እኔ እየነገርኳት እሷ ጻፈች። ስም፣ የብሩ መጠን፣ እከፍላለሁ ያልኩበት ቀን። ሰባት መስመር ሆነ። ስትደምረው 87,400 ብር መጣ። ተሳስቼ እንዳይሆን ብላ ሁለተኛ ደመረችው።

ይህ ለእኛ ቤት ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ግን ያን ሌሊት እስኪነጋ ድረስ ተኛሁ። ከነሐሴ ጀምሮ በሐሳቤ የተሸከምኩት ዕዳ መጠን አልነበረውም፤ ሌሊት ሌሊት እያደገ ያድር ነበር። ደብተሩ ላይ ሲሰፍር ሰባት መስመር ሆኖ ቀረ። በማግስቱ ግን ባለቤቴ ተቆጣች። “ስድስት ወር ሙሉ ብቻዬን አኖርከኝ” አለችኝ። ስለ ብሩ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። ከአበዳሪዎቹ የባሰ የተቸገረው ማን እንደሆነ አየን። የሥራ ባልደረባዬ እናቱ ታመውበት ነበር፤ የእሱ እንዲቀድም ወሰንን። የቀሩት ጋ እነሱ ሳይደውሉ እኔ ደወልኩ። “በዚህ ቀን ይህን ያህል እሰጥሃለሁ” አልኩ፤ የምችለውን ብቻ። የአጎቴ ልጅ “ብሩስ ይቆይ፤ እኔ የተቀየምኩህ ስልኬን ስላላነሳህ ነው” አለኝ። ባለቤቴ ዕቁብ ነበራት። ሰብሳቢዋን አነጋገረች። ዕጣ የደረሳት አንዲት አባል ተራዋን ለቀቀችላት። ይህ በዕቁብ የተለመደ ነው። የቸገረው ሰው ከተናገረ ተራ ይለዋወጡታል። ካልተናገረ ግን ማን አውቆለት? አንድ ወዳጄ ደግሞ ብር በአራጣ ከሚያበድር ሰው ጋር ላገናኝህ ብሎኝ ነበር። አራጣ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ስንት ቤትም አፍርሷል። ባለቤቴ “ስምንተኛ መስመር አልጽፍም” አለች። በዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ ስለ ምክር ሰጪዎች አንድ ነገር ልበል። ስለ ጭንቀት ሲነሳ “ችግሩ ያለው አስተሳሰብህ ላይ ነው” የሚል አነቃቂ ንግግር በየስልካችን ይደርሰናል። አልስማማም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋ ተከትሎት ሄደ። ከደመወዝ ላይ ግብር የማይከፈልበት መጠን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ 600 ብር ላይ ቆሞ ነበር፤ 2,000 ብር የገባው በ2017 ነው። ወር ሳይጋመስ ኪሱ የሚራቆት ሰው ቀና ስላላሰበ አይደለም የተጨነቀው። ሒሳቡ አልገጥም ስላለው ነው። መጀመሪያ “እውነትህን ነው” እንበለው። ምክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ልጆቻችን ላይ የሚደርሰው ደግሞ አንጀት ይበላል። ጎረቤታችን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ልጅ ነበረችው። የተፈተነችው በ2015 ዓ.ም. ነው። ውጤት የወጣ ዕለት ኔትወርኩ ተጨናንቆ ገጹ አልከፈት ብሎ ነበር። ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ በእናቷ ስልክ ደጋግማ ትሞክራለች። በመጨረሻ ከፈተላት። ምንም ሳትናገር ስልኩን ለእናቷ መልሳ ገባች። በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። ወዲያው የዘመድ ጥሪ ተጀመረ። አክስት ትደውላለች፤ “ስንት አመጣች?” አጎት ይደውላል፤ “ስንት አመጣች?” ሦስት ቀን ደህና አድርጋ እህል አልቀመሰችም።

በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ከ845,000 በላይ ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 ይበልጡ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት በነበረው ፈተና ያለፉትም 3.3 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ልጆች 97ቱ ያላለፉትን ፈተና አንዲት ልጅ ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ተቆልፋ እንደ ግል ኃጢአቷ ስትሸከመው አየሁ። አባቷ ዝም ብሎ ነበር። የሚላት ጠፍቶት እንጂ ተቆጥቶ አልነበረም። እሷ ግን ዝምታውን ቁጣ አድርጋ ወሰደችው።

በአራተኛው ቀን አባቷ በሩ ላይ ቆመ። “እኔም እኮ ስምንተኛ ክፍል ወድቄ ነበር” አላት። ይህን እስከዚያ ቀን ለማንም ልጁ አልነገረም። “ስንት አመጣህ?” አለችው ከውስጥ። ነገራት። በሩን ከፈተች። ዛሬ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብታ የኤሌክትሪክ ሥራ ትማራለች። ባለፈው የእኛን ቤት ሶኬት እሷ ናት የሠራችልን።

ይህን ሳስብ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ባለቤቴ የጠየቀችኝ “ስንት ነው?” እና ዘመዶቹ የጠየቁት “ስንት አመጣች?” አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። አንዱ እኔን አስተኛኝ። ሌላው ያችን ልጅ እንቅልፍ ነሳት። ባለቤቴ እስክሪብቶ ይዛ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነበር። ዘመዶቹ ግን መልሱን ሰምተው ስልኩን ይዘጉታል። የልጅ ውጤት የምንጠይቅ ሰዎች ቁጭ ለማለት ጊዜ ይዘን እንጠይቅ። ሪሜዲያል አለ፣ በግል መፈተን አለ፣ ሙያ አለ። አብረን እንየው እንበል።

የሥራው ጭንቀት ላይ ብዙ አልልም። አንዱን ብቻ ልናገር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለመጀመሪያው የሥራ ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱን የሚያጠራቅም፣ አለቃው ፊት ሰነፍ እንዳይባል የሚፈራ ስንት ሰው አውቃለሁ። ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ራይድ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። በቀን አምስት ሰዓት እንኳ አይተኛም። “ፈቃድህን ውሰድና ተኛ” አልኩት። ለሦስት ዓመት አልወሰደውም ነበር።

ውጭ ያሉ ወገኖቻችንም ያው ናቸው። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ እህት፣ ዋሽንግተን ዲሲ ሁለት ሥራ የሚሠራ ወንድም “እዚህ ደህና ነኝ” ይላሉ። እኛም “እዚህ ደህና ነን፤ ትንሽ ብር ብቻ…” እንላለን። ሁለታችንም እንዋሻለን። ወንድሜን አንድ ቀን “የቤት ኪራይህ ስንት ነው?” ብዬ ጠየቅሁት። ሲነግረኝ ከዚያ በፊት የጠየቅሁት ብር ሁሉ ቆጨኝ።

ጫቱን፣ ድራፍቱን፣ ቤቲንግ ቤቱን የሚያዘወትር ሰው ላይ አልፈርድም። የአንድ ሰዓት ዕረፍት እንደሚሰጥ ይገባኛል። ግን በተለይ ቤቲንግ ያለውን ዕዳ በእጥፍ አሳድጎ ነው የሚመልሰው። በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁሉም ጭንቀት ደግሞ በወሬ አይለቅም። እንቅልፍ ማጣቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቀጠለ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላ፣ “ብሞት ይሻለኛል” የሚል ሐሳብ ከመጣ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። አማኑኤል ሆስፒታል የእብድ ቤት ነው የሚለው አባባል ስንቱን ከሕክምና አስቀርቷል። እዚያ የሚሄደው እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ሰው ነው። አቅራቢያችን ካለ ጤና ጣቢያ መጀመርም ይቻላል። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። ሐኪሙ “ሐሳብ ይበዛብዎታል?” ሲል ደግሞ እውነቱን ይንገረው። እኔ ያላደረግሁት ይህን ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለዕድሮቻችን። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን። ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ገንዘቡ ይወጣል። ማንም ብቻውን አያለቅስም። ያው ሰው በሕይወት እያለ ዕዳ አንገቱን ሲያንቀው ግን ማንም አያውቅም። ዕድር ከቀብር ውጭ አይሠራም የሚል ካለ የኤችአይቪን ጊዜ ያስታውስ። ያኔ ብዙ ዕድሮች የታመሙትንና ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ልጆች መደገፍ ጀምረው ነበር። ያን ያደረገ ዕድር ሥራ ያጣ፣ ልጁን ማስመዝገብ ያቃተው፣ ኪራይ ያጠረው አባል ሳያፍር የሚነግራቸው ሁለት የተመረጡ፣ ምስጢር የሚጠብቁ ሰዎች መመደብ ያቅተዋል? ከሣጥኑ ትንሽ የብድር ገንዘብ መለየትስ?

የሰፈራችን ዕድር ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ይሰበሰባል። ይህን ሐሳብ ለሰብሳቢያችን ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና “አጀንዳ ላይ ይያዝልህ፤ ግን ተነስተህ የምታስረዳው አንተ ነህ” አሉኝ። እሺ ብያለሁ። ከሰባቱ መስመር አምስቱ ተሰርዘዋል፤ ሁለቱ ቀርተዋል። ደብተሩን ይዤ እሄዳለሁ።