ጉም እናስጎበኛለን

«የ13 ወር ፀሐይ» የሚለው የቱሪዝም መፈክር ሲወጣ የሰሜን ሸዋው የጣርማበር ሰው አልተጠየቀም። ቢጠየቅ ኖሮ ፀሐዩን ወደ ስምንት ወር ዝቅ አድርጎ የቀረውን ለጉም ያካፍል ነበር።

ደብረ ብርሃንን አልፈው የምኒልክ መስኮት የደረሱ እንግዶች ስልካቸውን አውጥተው ገደሉ አፋፍ ላይ ይሰለፋሉ። ከፊታቸው ያለው ነጭ ግድግዳ ነው። አስጎብኚው ግን ሥራው ነውና አይበገርም፤ እጁን ወደ ነጩ ዘርግቶ «ይኸ እታች የሚታየው ይፋት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሜዳ አፋር ነው» ይላል። እንግዶቹም ያላዩትን አይተው «ዋው!» ይላሉ። ከመሃላቸው አንዷ ልባም «ያ ነጩስ?» ብላ ብትጠይቅ፣ «እሱም አፋር ነው» ትባላለች። (ጉሙ ለአፍታ ሲገለጥ እውነትም ጉድ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ላይ መሬቱ ከእግር ሥር ተቆርጦ ቁልቁል ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል። ችግሩ ጉሙ በቀጠሮ አለመገለጡ ነው።)

እዚያው የሱፍ ቆብ የሚሸጡ ልጆች አሉ። ብርዱ ያለ ደሞዝ ይሠራላቸዋል። የቆቡ ዋጋ የሚሰላው በሱፉ ሳይሆን በመኪናው ነው፤ ከሚኒባስ የወረደ አንድ ዋጋ፣ ከላንድክሩዘር የወረደ ሌላ ዋጋ። ዲያስፖራ «ስንት ነው?» ሲል አነጋገሩ ራሱ ዋጋውን ይዞ ይመጣል። ከሁሉ በላይ ፈረንጅ ይከፍላል ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ፈረንጅ አንብቦ ነው የሚመጣው፤ ይከራከራል።

በዚህ አገር ድሮ ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ!» ያለ ሰው «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይባልና ይገባ ነበር። መልሱ ቁርስን ይጨምራል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አሁን የእግዜር እንግዳ ሎጅ ደጃፍ ቢቆም ዘበኛው «ቡክ አድርገዋል?» ይለዋል። ቡክ ያደረገው ገብቶ ያድርና ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንቁላሉን ሲቆርስ እስክስታ ይወረድለታል። ሸዋ ውስጥ በዚያ ሰዓት ሲጨፍር የተገኘ ሰው ወይ ሠርገኛ ነበር፣ ወይ ጠበል የሚያስፈልገው። ቡናውም እንደዚያው ነው። ሦስተኛው ሳይደርስ መኪናው ጡሩንባ ያሰማል፤ በረካ የሚባለው ሲኒ ከእንግዳ ጋር ከተገናኘ ቆይቷል።

የቱሪዝም ባለሙያዎች «የቆይታ ጊዜ» የሚሉት ትልቅ ጭንቀት አላቸው፤ እንግዳው አንድ ሌሊት አድሮ ይሄዳል፣ ሁለት ቢያድር ገቢው እጥፍ ይሆናል። በዚህ ረገድ አባቶቻችንን የሚወዳደር አልተገኘም። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል ፖርቹጋላዊ እ.ኤ.አ. በ1490ዎቹ ከንጉሡ መልእክት ይዞ ዐፄ እስክንድር ዘንድ ደረሰ። መሄጃው ደርሶ ሲሰናበት ርስት ተሰጠው፣ ሚስት ተሰጠው፤ የመሄጃ ፈቃድ ግን አልተሰጠውም። እ.ኤ.አ. በ1520 የአገሩ መልእክተኞች ሲመጡ ሰውየው ወልዶ ከብዶ እዚሁ አገኙት። የቆይታ ጊዜ ይሉሃል ይኸ ነው። ለዚህ ሁሉ አንድ ባነር አልታተመም።

ዛሬ የሚታተመው ባነር ነው። የዓለም የቱሪዝም ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ይውላል፤ በእኛ ብዙውን ጊዜ መስከረም 17፣ መስቀል ማለት ነው። በዕለቱ አገሩ በዓል ላይ ስለሆነ ቱሪዝም ሌላ ቀን በአዳራሽ ይከበራል። ተሰብሳቢው ውሎ አበል ይፈርማል፣ ስለ «መስህብ ልየታ» ጽሑፍ ይቀርባል፣ ለሻይ ይወጣል። ባነሩ ላይ ያለችው ቀበሮ አልፎ አልፎ የባዕድ አገር ቀበሮ ናት፤ ከኢንተርኔት ስትወርድ ዜግነቷን የጠየቃት የለም።

የኛዋ ግን ቅርብ ነበረች። መንዝ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም ላይ የቀሩት 500 እንኳ አይሞሉም፤ ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። በጓሳ የቀሩበትም ምክንያት በማንም አዳራሽ አልተወሰነም። መንዞች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባለው ሥርዓታቸው የጓሳውን ሣር ለዓመታት እየዘጉ፣ ሲደርስ እየከፈቱ ኖረዋል። ሣሩ ለቤት ክዳን ነው፣ ለገመድ ነው፣ ዝናብ ለሚከላከለው ገሳ ነው። ከሰዓቱ በፊት ማጭድ ይዞ የገባ በአገር ሽማግሌ ፊት ይቆማል፤ ቅጣቱም የዋዛ አልነበረም። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሣሩም ባለቤት እንደሌለው ከብት ተበላ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ መተዳደሪያ አወጣና እንደገና ዘጋው። አሁን እንግዳ ከሩቅ ከፍሎ መጥቶ የሚያደንቀው ያንን «አትንኩ» የተባለውን ነው። እኛ ደግሞ መደነቁን ስናይ «እናልማው» እንላለን። ልማቱ ሲሚንቶ ነው።

ስለ ቀበሮው አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እዚያው ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ተቀምጠው ቆጥረዋል። ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶ ነው፤ ሣር የሚግጥ የጭላዳ መንጋ መሃል ገብቶ ሲያድን ግን 67 በመቶ ይደርሳል። የጭላዳውን ግልገል አጠገቡ እያየ እምብዛም አይነካም። ቢነካ መንጋው ያባርረዋል፤ ከተባረረ 67ቱ ወደ 25 እንደሚወርድ ያውቃል። በመንጋ የሚያተርፍ ነጋዴ አገራችን ካላት ይኸ ቀበሮ ነው፤ ለኢንቨስተሮች ሥልጠና ቢሰጥ ውሎ አበል አይጠይቅም።

የከተማው እንግዳ ቀበሮውን ያህል አላሰበበትም። ውሃውን፣ ሥጋውን፣ ጀነሬተሩን፣ አንዳንዴም አስጎብኚውን ከአዲስ አበባ ጭኖ ይመጣል። ለመንዝ የሚተርፈው የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ሣር በልቶ ለሚያድረው ጭላዳ ብስኩት ይወረውራል። ቀን ተፈጥሮን ሲያደንቅ ውሎ ማታ «ካምፕ ፋየር» ብሎ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ እየሰበረ ያነደዋል፤ እሳቱ ዳር ተቀምጦም ስለ ደን መመናመን ያዝናል።

አሁን እሱም ቀርቷል። መንገዱ ሰላም ሲያጣ እንግዳ የለም፣ ቆብ የሚገዛም የለም። መሐል ሜዳ በምትባለው የመንዝ ከተማ በኩል አንድ ሥራ የፈታ አስጎብኚ ከአንድ አዛውንት አጠገብ ፀሐይ እየሞቀ ይብሰለሰላል አሉ።

«አባባ፣ እርስዎ ብዙ አይተዋል። ቱሪስት እንዲበዛ ምን ቢደረግ ይሻላል?»

«እንደ ሣሩ ዝጉት።»

«እንዴት ነው የሚዘጋው?»

«ሦስት ዓመት ማንም እንዳይነካው ነዋ። ከዚያ ሲከፈት እስከ ጉልበትህ ደርሶ ታገኘዋለህ።»

ልጁ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። «እስከዚያ እኛስ ምን እንበላለን?»

አዛውንቱ ጋቢያቸውን አጣፉና ገላመጡት። «ምነው፣ የአባትህ ገብስ ትኬት ቆርጦ ሄደ?»