ገንዳው ይቆይ፣ የድራፍቱ ቧንቧ ግን ይነሳ

ፕራግ ደርሰው የመጡ ሰዎች ስልክ ውስጥ ከቻርልስ ድልድይ ቀጥሎ የማይጠፋ አንድ ፎቶ አለ። ሁለት ሰዎች ትልቅ የእንጨት ገንዳ ውስጥ እስከ ደረታቸው ተዘፍቀዋል። ዙሪያቸው አረፋ ነው። እጃቸው ላይ ደግሞ ድራፍት። የቢራ መታጠቢያ ይሉታል።

መታጠቢያውን አልቃወምም። ሞቅ ያለ ውሃ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ከዚያ ጋደም ማለት፤ ይህን ማን ይጠላል? የምቃወመው ገንዳው ጠርዝ ላይ የተተከለውን ቧንቧ ነው። ደንበኛው ከውሃው ሳይወጣ እጁን ዘርግቶ እየቀዳ የፈለገውን ያህል ይጠጣል። ፕራግ ያሉት ብዙዎቹ ቤቶች ደንበኛ የሚስቡት በዚህ ያልተገደበ ቢራ ነው። እዚያው ማስታወቂያ ላይ ደግሞ ለቆዳ፣ ለደም ዝውውር፣ ለጭንቀት ፍቱን ነው ይላሉ። እኔን የሚያስፈራኝ የሁለቱ አብሮ መሄድ ነው። ሰው ለጤናዬ ብሎ የገባበት ቦታ ላይ አይጠነቀቅም። ሦስተኛውን ብርጭቆ ሲቀዳም የሕክምናው አካል ይመስለዋል።

ነገሩ ቼክ ውስጥ እንዲህ መስፋፋቱ አይገርምም። ቼኮች በነፍስ ወከፍ ቢራ በመጠጣት ለብዙ ዓመታት ከዓለም አንደኛ ሆነው ቆይተዋል፤ በዓመት ከ120 ሊትር በላይ። የዣቴትስ ከተማና በዙሪያዋ ያሉት የሆፕ እርሻዎች እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሆፕ ማለት ጌሾ ለጠላ እንደሚያደርገው ሁሉ ለቢራ ምሬቱንና ጠረኑን የሚሰጠው አበባ ነው።

ከቢራው ሌላ የቆየ የፈውስ ውሃ ባህልም አላቸው። በምዕራብ ቦሄሚያ ያሉት ካርሎቪ ቫሪ፣ ማሪያንስኬ ላዝኒና ፍራንቲሽኮቪ ላዝኒ በፍል ውሃቸውና በማዕድን ምንጫቸው የታወቁ ከተሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ጋር ሆነው እነሱም ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ገብተዋል። እዚያ ለሕክምና የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያየዋል። የትኛው ውሃ፣ ለስንት ደቂቃ፣ ለስንት ቀን የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ለተወሰኑ በሽታዎች ወጪውን የአገሪቱ የጤና መድን ይሸፍናል።

ከማሪያንስኬ ላዝኒ ብዙም ሳትርቅ ኾዶቫ ፕላና የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቢራ ይጠመቅባታል። ኾዶቫር የተባለው የከተማዋ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 የቢራ መታጠቢያ ሲከፍት ሁለቱን የአገሩን ባህሎች አንድ ገንዳ ውስጥ አገናኛቸው። ጥሩ የንግድ ሐሳብ ነው፤ ይህን አልነፍግም። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ተከተሉ። ነገሩ ከአገሩም ወጥቶ ሄደ። አይስላንድ ውስጥ ቢራ እስከ እ.ኤ.አ. 1989 ድረስ በሕግ የተከለከለ ነበር። በዚያች አገር እንኳ በ2017 በሰሜን በኩል ያለች አንዲት የባሕር ዳር መንደር የቢራ መታጠቢያ ተከፍቶባታል። ችግሩ ብዙዎቹ ተከታዮች ከነካርሎቪ ቫሪ የወሰዱት ስሙን መሆኑ ነው። ሐኪሙን አልወሰዱም።

ገንዳው ውስጥ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ቢራ አለመሆኑንም ሰው ልብ አይልም። እንደ ኾዶቫር ጥቁር ቢራ ከማዕድን ውሃ ጋር የሚቀላቅሉ አሉ። በብዙዎቹ ግን ሙቅ ውሃ ነው የሚሞላው። አስተናጋጇ ትመጣና የተፈጨ ብቅል፣ ደረቅ ሆፕና የቢራ እርሾ ትጨምርበታለች። ከሥር አየር የሚነፋው ማሽን ሲከፈት ውሃው ቡናማ ሆኖ ይንተከተካል፤ አረፋው ወደ ላይ ይወጣል። ክፍሉን የዳቦ ሊጥ የመሰለ ሽታ ያውደዋል። ሙቀቱ ከሰውነት ሙቀት ብዙም አይለይም፤ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። 20 ደቂቃ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይቆዩና ይወጣሉ። አይለቃለቁም። በአንሶላ ተጠቅልለው የስንዴ ገለባ የተነጠፈበት አልጋ ላይ ይጋደማሉ። ቫይታሚኑ ቆዳዎ ውስጥ እንዲገባ ለተወሰኑ ሰዓታት ገላዎን አይታጠቡ ይባላሉ።

የቢራ እርሾ በቢ ቫይታሚን የበለጸገ መሆኑ እውነት ነው። ቫይታሚኑን የምናገኘው ግን እርሾውን ስንበላው ነው። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ሥራው ውጭ ያለውን ነገር ውጭ ማስቀረት ነው። በውሃ የሚሟሟ ቫይታሚን ለ20 ደቂቃ ስለተዘፈዘፍንበት ያንን ሽፋን አልፎ በሚረባ መጠን ደም ውስጥ አይገባም።

ሆፑም ቢሆን እንደዚያው ነው። ውስጡ ያሉት መራራ ንጥረ ነገሮች ባክቴሪያን ይገታሉ። ጠማቂዎች ለዘመናት የተጠቀሙበት አንዱ ምክንያት ቢራው ቶሎ እንዳይበላሽ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለእንቅልፍም በሻይና በክኒን መልክ በባህላዊ መድኃኒትነት ይወሰዳል። ከዚህ ተነስቶ ጥቂት እፍኝ ሆፕ የተበተነበት ገንዳ የቆዳ በሽታ ያድናል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲያውም ሆፕ የሚለቅሙ ሠራተኞች እጃቸው ሽፍ እንደሚልባቸው ሐኪሞች ካወቁት ቆይቷል።

ታዲያ ከገንዳው የወጣ ሰው ለምን ቀለል ይለዋል? ሙቁ ውሃ ነዋ! ሙቀት የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ጡንቻን ያላላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በፊት በሙቅ ውሃ የታጠበ ሰው በአማካይ 10 ደቂቃ ያህል ቀድሞ እንቅልፍ እንደሚወስደው አሳይቷል። ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። ግን ለዚህ ብቅልም ሆፕም አያስፈልግም። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ በወደዱት ፍል ውሃ ዙሪያ ነው። ወገቡንና ጉልበቱን የሚያመው ሰው ዛሬም ፍልውሃ ይሄዳል። ሲወጣ ቀለል ይለዋል፤ ያሻለው ሙቀቱና ዕረፍቱ ነው።

ይህን ጉዳይ እንዲህ የሙጥኝ ያልኩት በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። ጀርመን ነው የምትኖረው፣ ከቼክ ድንበር ብዙ በማይርቅ ከተማ። ሶሪያሲስ አለባት። ክርኗና ጉልበቷ ላይ ቆዳዋ ይቀላል፣ ይፈረፈራል። በበጋ እንኳ እጅጌ ሙሉ ነው የምትለብሰው። የሥራ ባልደረቦቿ ለልደቷ የፕራግ የቢራ መታጠቢያ ኩፖን ሰጧት። ከኩፖኑ ጋር ያለው ወረቀት ለሶሪያሲስ ይረዳል ይላል። ደወለችልኝ።

“ስሚኝማ፣ ይሄ ነገር ከሠራ ክኒኑንም ቅባቱንም ልተወው እንዴ?”

ክኒኑ ሜቶትሬክሴት ነው። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉበቱ በየጊዜው በደም ምርመራ የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአልኮል ጋር ሲሆን በጉበት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይብሳል። አልኮል ራሱም ሶሪያሲስን ከሚያባብሱ ነገሮች አንዱ ነው። እንግዲህ አስቡት። ለቆዳሽ ይበጃል የተባለችበት ቦታ ወስደው የሚያስቀምጧት ከማይዘጋ የቢራ ቧንቧ አጠገብ ነው። ኩፖኑን ሲሸጡ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስጦታውን የሰጧት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። ወረቀቱን ነው ያመኑት።

ደግሞ የሚያሳዝነው ለእሷ ሕመም የተፈተነ የውሃ ሕክምና መኖሩ ነው። ጨዋማ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ቆዳን በተመጠነ አልትራቫዮሌት ብርሃን ማስመታት ነው። እስራኤል ያላችሁ የሙት ባሕርን ታውቁታላችሁ፤ ከብዙ አገር የሶሪያሲስ ሕመምተኞች የሚመጡት ለጨዉና ለፀሐዩ ነው። ይኸው ሕክምና ጀርመን ውስጥ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል፤ የጤና መድንም ይከፍልበታል። የአክስቴ ልጅ ይህን አልሰማችም ነበር። የቢራውን ግን ሰምታለች። ማስታወቂያ ያለው ማን እንደሆነ አያችሁ።

አሁን ወደ ቧንቧው ልመለስ። በሽታ የሌለበት ሰውም ቢሆን ከሙቅ ውሃ ጋር አልኮል መቀላቀል የለበትም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሙቅ ውሃ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። አልኮልም የራሱን ይጨምርበታል። ሰውነት በላብና በሽንት ውሃ ያጣል። ስካሩም ‘አሁን በቃኝ፣ ልውጣ’ የሚለውን ስሜት ያደነዝዛል። ገንዳው ውስጥ እንደተቀመጡ ብዙም አይታወቅም። የሚታወቀው ሲነሱ ነው። ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ ዓይን ይጨልማል። ወለሉ እርጥብ ነው፣ የገንዳው ጠርዝ ከፍ ያለ ነው። አንድ ግማሽ ሊትር የቼክ ቢራ ውስጥ ወደ 18 ግራም ንጹሕ አልኮል አለ። በግማሽ ሰዓት ሁለትና ሦስት ብርጭቆ የጨለጠ ሰው ያንን ጠርዝ እንዴት እንደሚሻገር አስቡት።

ፊንላንዶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ሳውና የሌለበት ሰፈር የላቸውም። በሳውና ውስጥ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን የመረመሩ የአገሩ ሐኪሞች ግማሽ ያህሉ አልኮል ጠጥተው እንደነበር አግኝተዋል። የሳውና ሙቀት ከቢራው ገንዳ በጣም ይበልጣል፤ ስለዚህ አደጋው እኩል ነው አልልም። አካሄዱ ግን አንድ ነው፤ ሙቀትና አልኮል የደም ግፊትን ወደ ታች አብረው ይስባሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው ቧንቧውን ገንዳው ላይ አይተክልም።

‘ቢራውን ብታነሳው ምኑ ላይ ነው ደስታው?’ የሚሉ አሉ። ቢራውን ከቼክ ምድር ይጥፋ አላልኩም። መጀመሪያ ይዘፍዘፉ፣ ይውጡ፣ ገለባው ላይ ይረፉ፣ ውሃ ይጠጡ። ከዚያ ልብሳቸውን ለብሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡና ያሻቸውን ይዘዙ። መኪና ለሚነዱት ግን ያም አይሆንም፤ በቼክ ሕግ ለሾፌር የሚፈቀደው የአልኮል መጠን ዜሮ ነው። በር ላይም አጭር ቅጽ ይኑር። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ? ነፍሰ ጡር ነዎት? የልብ ሕመም አለብዎት? ቅጹን ለመሙላት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ ፋሽን ነገ ተነገ ወዲያ ወደ አገራችንም ሊመጣ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ስፓ በየሠፈሩ እየበዛ ነው። የቢራ ፋብሪካም ሞልቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የቢራን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቶታል። ቢራ ለቆዳ ይበጃል የሚል ስፓ ግን ያንን አጥር ዞሮ የሚገባ ማስታወቂያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ በግልጽ ተናግሯል። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው ገንዳ ከመሞላቱ በፊት ቢያስብበት ይሻላል።

የአክስቴ ልጅ ኩፖኗን አልጣለችውም። ክኒኗንም አላቋረጠችም። ሐኪሟ ቆዳዋ የተሰነጠቀበት ሲደርቅ ለብ ያለ ውሃ እንደማይጎዳት፣ አልኮሉን ግን እንዳትነካው ነግሯታል። ስለ ጨው ውሃውና ስለ ብርሃኑም ጠይቃው ቀጠሮ ይዛለች። ወደ ፕራግ ደውላ ደግሞ ቧንቧውን ዘግተው በምትኩ የመጠጥ ውሃ በጆግ ያስቀምጡላት እንደሆነ ጠየቀች። ይቻላል አሏት፣ ያለ ምንም ክርክር። ለእሷ ከተቻለ ለሌላውም ደንበኛ ሳይጠይቅ ይደረግለት።