በንግሥቲቱ ጀርባ ላይ ለሚኖሩት ክቡር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የንብ ቅማል
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ትኬት መሳፈርን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

መጀመሪያ ያየሁዎት ዕለት ቀለም መስለውኝ ነበር። ንግሥቲቱ ከሌሎቹ እንድትለይ ጀርባዋ ላይ የቀለም ነጥብ እናደርግ የለ? «ይህችን ቀይ ነጥብ መቼ ቀባኋት?» እያልኩ የማር እንጀራውን ወደ ብርሃን አዞርኩት። ነጥቧ ተራመደች።

ስምዎ ቅማል ይሁን እንጂ ዘርዎ ዝንብ ነው። ክንፍዎን ትተዋል፤ ምን ያደርግልዎታል? የሚሸከምዎት አለ። «ዝንብ ቢሰበሰብ መግላሊት አይከፍትም» የሚለው ተረት እርስዎን አይመለከትም፤ በዘበኞቹ ፊት በንብ ጀርባ ተቀምጠው ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ1818 ሳይንሳዊ ስም ሲወጣልዎ «ዕውር» የሚል ቅጽል ተጨምሮበታል። ሐሜት ነው! ቁመትዎ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ከሺዎች መካከል ቀኑን ሙሉ የምትመገበዋን ለይተው አልተቀመጡባትም? ሠራተኛዋ ላይ ቢወጡ ከአበባ አበባ ሲንከራተቱ መዋልዎ ነው። አሁን ግን ሲርብዎት ወደ ንግሥቲቱ አፍ ወረድ ብለው ከንፈሯን ይቧጥጣሉ፤ ምላሷን ስትዘረጋ ከጉርሻዋ ይካፈላሉ።

በእርስዎ ምክንያት ጉንዳንን ማመስገን ጀምሬያለሁ። እሱ በግልጽ፣ በሰልፍ ይመጣል፤ የቀፎውን መቆሚያ እግሮች ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ሳቆም ደግሞ ይመለሳል። (አንዲት የሳር ዘለላ ቀፎውን ነክታ ድልድይ ካልሆነችው በቀር። እርሷን ማጨዱን የረሳሁት እኔ ነኝ።) ተራው ዝንብም ቢሆን የሚያንዣብበው የሞቱ ንቦችን ሳልጠርግ ስቀር ነው።

ልጆችዎ ግን አበዙት። ማሩ በተከደነበት ሰም ሥር መተላለፊያ እየቦረቦሩ ነጩን እንጀራ የተሰነጠቀ መስታወት አስመስለውታል። ገዢ «ይህ ምንድን ነው?» ሲለኝ «የቤተ መንግሥት ልጆች ናቸው» ልበል?

ስለዚህ የማሩን መክደኛ ሰም ገፍፌ አቀልጠዋለሁ፤ እንቁላልዎም ልጆችዎም እዚያው ናቸውና። ለእርስዎ ግን፣ ከክብርዎ አንጻር፣ ጫፉ ማር የነካ የክብሪት እንጨት በአክብሮት አቀርባለሁ። እንደማውቅዎት ለማር ሲሉ ንግሥትም ቢሆን ይከዳሉ።

ከሰላምታ ጋር
የሰለቸው ንብ አናቢ

ግልባጭ፦
ለተራው ዝንብ
ለጉንዳን (ሳሩ እንደታጨደ እንዲያውቅ)